ቄስ ነው መነኩሴ? የድሮ ፊልሞችና የስእለት ጉዳይ

ከአክስቴ ጋር አንድ የድሮ የአሜሪካ ፊልም እያየን ነበር። በረሃ ላይ ድንኳን ተተክሏል። አዲስ ተጋቢዎች እንግዳ ተቀብለው ራት አብልተዋል። ከራት በኋላ ገዳም ውስጥ የተዘጋጀ ጣፋጭ መጠጥ በጠርሙስ ቀረበ። እንግዳው የጦር መኮንን መጠጡን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ባልየውን አየ። የባልየው ፊት ዐመድ መሰለ።

አክስቴ የሚፈትሉትን ጥጥ አስቀምጠው "ምን ሆነ?" አሉኝ። ፊልሙን አላቋርጥ ብዬ "ቄስ ነበር፤ መኮንኑ አወቀው" አልኳቸው።

"ታዲያ ቄስ ሚስት ቢኖረው ምን ያስደነግጠዋል?"

ልክ ነበሩ። ፊልሙን አቁሜ ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። ሰውዬው የደብር ቄስ ሳይሆን ከገዳም የጠፋ መነኩሴ ነው፤ ያንን መጠጥ ያዘጋጅ የነበረውም እሱ ራሱ ነው። "እንዲህ አትለኝም! ቆቡን የጣለ ነዋ" አሉና ጥጡን መልሰው ሳያነሡ እስከ መጨረሻው አዩት።

የሃይማኖት አገልጋይ ሆኖ በስእለቱና በልቡ መካከል የሚጨነቅ ሰው በድሮ ሲኒማ ደጋግሞ የተነሣ ታሪክ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ከነበረበት ዘመን እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሆሊውድም ፓሪስም ሠርተውታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ዘንድ ሲወራም ሲተረጎምም ግን ባለታሪኩ ሁልጊዜ "ቄሱ" ነው። ፓስተሩም፣ የካቶሊክ ካህኑም፣ መነኩሴውም፣ ሚስዮናዊውም በዚህ አንድ ቃል ሲጠሩ ፊልሙ የቆመበት መሠረት ይጠፋል። ሰውዬው ምን ብሎ ቃል እንደ ገባ ካላወቅን ምን እንደሚያፈርስ አናይም፤ ላለማፍረስ የሚከፍለውም አይታየንም።

ከራሳችን ብንነሣ ይቀላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት በተክሊልና በቁርባን ያገባል። ከተሾመ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሁለተኛ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱ ፈረሰ ይባላል። ስለዚህ ለእኛ ቄስ ማለት ብዙውን ጊዜ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ጎረቤት የሆነ ሰው ነው። መነኩሴ ግን ሌላ ነው። ሲመነኩስ በሕይወት ሳለ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል፤ ለዚህ ዓለም ሞቷልና። አክስቴ "ቆቡን የጣለ" ሲሉ ይህ ሁሉ በአንድ ሐረግ ውስጥ አለ። የተፈታ ሙት ተመልሶ ገበያ ወጣ እንደ ማለት ነው።

የምዕራቡ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በቄስና በመነኩሴ መካከል ያለውን ይህን ርቀት አጥብባዋለች። በ1139 በሮም የተደረገው ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ካህን እንዳያገባ መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ ቢያገባም ጋብቻው እንደ ጋብቻ እንዳይቆጠር ወሰነ። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ ጨርሶ አልጠፋም። የደብሩ ካህን ሲሾም ሳያገባ እንደሚኖርና ለጳጳሱ እንደሚታዘዝ ቃል ይገባል። ደመወዝ ሊቀበል፣ የራሱ ንብረት ሊኖረው ይችላል። መነኩሴው ግን ስእለት ይሳላል፤ ገንዘቡንም፣ ሰውነቱንም፣ ፈቃዱንም ይሰጣል። በፕሮቴስታንቱ ቤት ደግሞ ሥሩ ራሱ ሌላ ነው። ማርቲን ሉተር ከመነኮሳት ማኅበር የወጣ ሰው ነበር፤ በ1525 ያገባት ካታሪና ፎን ቦራም ከገዳም የወጣች መነኩሲት ነበረች። ለፓስተር ሴት ማፍቀር በራሱ ምንም የሚያፈርሰው ነገር የለም። የሚያፈርሰው የሰው ሚስት ሲወድ፣ የራሱን ሲከዳ ወይም ሲዋሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ አንባቢ "ስእለት" እና "ፍቅር" የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ ሲሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የ"ፍቅር እስከ መቃብር"ን በዛብህ ነው። በዛብህ ግን ገና ሕፃን ሳለ በወላጅ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ የታሰረው ሌላ ሰው በገባው ቃል ነው። የምዕራቡ ፊልም ሰዎች ግን ቃሉን ራሳቸው፣ አድገው፣ በገዛ አፋቸው ሰጥተዋል። ስለዚህ ጥፋቱን የሚያላክኩበት ወላጅ የላቸውም፤ ጠባቸው ትናንት ከነበሩት ከራሳቸው ጋር ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ፊልሙ በ1936 የተሠራው "ዘ ጋርደን ኦቭ አላህ" ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ፣ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ቦለስላውስኪ፣ ተዋንያኑ ማርሊን ዲትሪሽና ሻርል ቦዬ ናቸው። መነሻው ሮበርት ሂቸንስ በ1904 ያሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን በድምፅ አልባው ዘመን ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። በ1936ቱ የቴክኒከለር ቀለም ገና ብርቅ ስለነበር የአሸዋው ወርቅና የምሽቱ ሰማይ ጉድ አሰኝቷል፤ ለቀለም ቀረጻውም ከኦስካር ሰጪዎች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ቀለሙ ግን ታሪኩን ይሸፍናል ብዬ እፈራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የዲትሪሽን ልብስ ነውና።

ባልየው፣ ቦሪስ፣ በሰሜን አፍሪካ የትራፒስት ገዳም መነኩሴ ነበር። ትራፒስቶች ጥብቅ ሥርዓት ያላቸው የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው። ሰው ስለ እነሱ ሲያወራ "የዝምታ ስእለት አላቸው" ይላል፤ ዝምታ ግን ልማዳቸው እንጂ ስእለታቸው አይደለም። የሚሳሉት ለአበምኔቱ ሊታዘዙ፣ በንጽሕናና ያለ ንብረት በምንኩስና ኑሮ ሊኖሩ፣ ደግሞም በገቡበት ገዳም እስከ ሞት ድረስ ሊቆዩ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። ቦሪስ ሴት ከማየቱ በፊት፣ የገዳሙን በር አልፎ በወጣባት ሌሊት፣ ስእለቱን አንድ ጊዜ አፍርሷል። ፊልሙ የፍቅር ፊልም ቢባልም ፍቅሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። የሸሸ ሰው መጀመሪያ፣ አፍቃሪ ኋላ ነው።

መጠጡም እንዲሁ ለጌጥ የገባ አይደለም። የገዳሙን መጠጥ አሠራር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ሲጠፋ ሙያው አብሮት ጠፋ። ይህ ከእውነተኛው ዓለም የራቀ ፈጠራ አይደለም፤ በፈረንሳይ የሻርትሩዝ ገዳም የሚዘጋጀውን መጠጥ ምስጢር ዛሬም የሚያውቁት ጥቂት መነኮሳት ብቻ ናቸው። ቦሪስ ታዲያ ለእግዚአብሔር የገባውን ቃል ብቻ አልወሰደም፤ የወንድሞቹንም እንጀራ ይዞ ነው የሄደው። መኮንኑ ጠርሙሱን አይቶ ቀና ሲል የቦሪስን ፊት ያመደው ይህ ነው፤ በምድር ላይ በእጁ ሥራ የታወቀ ሰው የሚሸሸግበት በረሃ የለም።

የበለጠ የሚከብደው ግን ሠርጉ ነው። ከዶሚኒ ጋር የተጋቡት በቤተ ክርስቲያን፣ በካህን ፊት ነው። እሷ አጥባቂ ካቶሊክ ናት፤ ምን እንደተደበቀባት አታውቅም። በካቶሊክ ሕግ የምንኩስና ስእለቱን የፈጸመ ሰው የሚገባው ጋብቻ ጋብቻ አይደለም። ስለዚህ ቦሪስ አንዱን ቃል በሌላ ቃል ሊሸፍን ሞከረ፤ ሁለተኛው ቃል ደግሞ የሚጸናው የመጀመሪያው ባይኖር ብቻ ነበር። ዶሚኒ እውነቱን ስትሰማ ያደረገችው ለዘመኑ ተመልካች ልብ የሚሰብር ቢሆንም ለእምነቷ ግን ብቸኛው መንገድ ነበር። ወደ ገዳሙ ራሷ በሠረገላ ሸኘችው። አክስቴ እዚህ ላይ ዝም ብለው ቆዩና "እሷ ናት ቅድስቲቱ" አሉ። ስለ እሱ ምንም አላሉም።

ከዚህ ፊልም አሥር ዓመት ወደ ኋላ ስንሄድ ስእለት የሌለበትን ታሪክ እናገኛለን። በ1926 ስዊድናዊው ቪክቶር ሼስትሮም በአሜሪካ የሠራው "ዘ ስካርሌት ሌተር" በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቦስተን ውስጥ፣ ፒዩሪታን በሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች መካከል የሚሆን ነው። ሊሊያን ጊሽ የምትጫወታት ሄስተር ባሏ ርቆ ሳለ ትወልዳለች፤ ደረቷ ላይ ቀይ ፊደል እንድትለጥፍ ይፈረድባታል። የልጁ አባት የከተማው ሰባኪ ነው፤ እሱ ግን ዝም ይላል። ሰባኪው ቢፈልግ ማግባት ይችል ነበር። ጥፋቱ ማፍቀሩ አይደለም፤ የሰው ሚስት መንካቱና፣ ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በእሷ ውርደት ውስጥ ተደብቆ መስበኩ ነው። በመጨረሻ በአደባባይ ልብሱን ከደረቱ ላይ ሲገልጥ ፊደሉ በገዛ ሥጋው ላይ ተቃጥሎ ይታያል። ድምፅ የለም፤ አያስፈልግምም። ተዋናዩ ላርስ ሃንሰን ቀረጻ ላይ በስዊድንኛ ሲናገር ጊሽ በእንግሊዝኛ ትመልስለት ነበር። ተመልካቹ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ፊታቸው አንድ ቋንቋ ይናገራልና። ድምፅ አልባ ፊልም ለእንዲህ ያለው ታሪክ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ መናገር የማይችል ሰው ታሪክ ነውና።

ይህ ፊልም ግን በቀላሉ አልተሠራም። የቤተ ክርስቲያንና የሴቶች ማኅበራት ልብ ወለዱ ወደ ፊልም እንዳይመጣ ይቃወሙ ነበር፤ ጊሽ ራሷ ጽፋ፣ አሳምና፣ ኃላፊነቱን በስሟ ወስዳ ነው የተፈቀደው። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ጉዳይ ማንሣት የሚገባው። የእነዚህን ፊልሞች መጨረሻ የወሰኑት ደራሲዎቹ ብቻ አልነበሩም።

በ1922 የሆሊውድ ኩባንያዎች ከመንግሥት ሳንሱር ለመዳን ብለው ማኅበር መሥርተው ዊል ሄይስ የሚባል የፖለቲካ ሰው ሾሙ። በ1927 "አይደረጉም" የተባሉ 11 ነገሮች ዝርዝር ወጣ፤ ካህናትን መሳለቂያ ማድረግ አንዱ ነበር። በ1930 ሰፊው ደንብ ተጻፈ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዳንኤል ሎርድ የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን፣ ሌላው ማርቲን ኩዊግሊ የተባለ ካቶሊክ የመጽሔት አሳታሚ ነበሩ። የሃይማኖት አገልጋይ በአገልጋይነቱ ማሳቂያ ወይም ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይቀርብ፣ የአምልኮ ሥርዓትም በጥንቃቄና በአክብሮት እንዲያዝ ደነገጉ። በ1934 ጆሴፍ ብሪን ኃላፊ ሆኖ ሲመጣ ደንቡ ጥርስ አወጣ፤ የእሱ ቢሮ ማረጋገጫ የሌለው ፊልም ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አይገባም ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ካህኑ ክፉ መሆን አይችልም፤ ኃጢአት ደግሞ ሳይቀጣ መቅረት አይችልም። ለባለታሪኩ የተተዉለት በሮች ጥቂት ናቸው። ወይ እንደ ቦስተኑ ሰባኪ ተናዞ ይሞታል፣ ወይ እንደ ቦሪስ ይመለሳል፣ ወይም ነገሩ ሁሉ ከመሾሙ በፊት የሆነ ተደርጎ ይጻፋል። አንዳንዴ ደግሞ የካህን ልብሱ ይወልቅለታል። ግሎሪያ ስዋንሰን በ1928 ሳሞአ ደሴት ላይ የሚሆነውን "ሴዲ ቶምፕሰን" ስትሠራ፣ በመነሻው ድርሰት ሬቨረንድ የነበረውን ሚስዮናዊ ማዕረጉን ገፍፋ ተራ የሞራል ተቆርቋሪ አደረገችው። ላዮኔል ባሪሞር የሚጫወተው ይህ ሰው ባለትዳር ነው። አንዲትን ሴተኛ አዳሪ ነፍሷን አድናለሁ ብሎ ሲጸልይባት፣ ሲያስጨንቃት፣ ሲከታተላት ይከርምና በመጨረሻ የፈለገው ነፍሷን ብቻ እንዳልነበረ ይገለጣል፤ ራሱን ያጠፋል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሰው እሱ ነው። ቦሪስ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ይህ ሰው ግን ምኞቱን ቅንዓት ነው ብሎ ራሱን አሳምኗል። የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅልል ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናየው በፎቶግራፎችና በ1932 ከተሠራው ሌላ ፊልም በተወሰዱ ምስሎች ተደግፎ የተጠገነ ነው። ሰውዬው የሚወድቅበትን መጨረሻ በቁርጥራጭ ነው የምናየው።

በዚያው በ1928 አትላንቲክን ተሻግሮ፣ የሄይስ እጅ በማይደርስበት ፓሪስ፣ ፍጹም ሌላ ዓይነት ፊልም ታየ። ሰው ሁሉ ይፈራዋል፤ "አይገባም" ይላል። እኔ ግን ትዕግሥት ላለው ሰው ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው ባይ ነኝ። "ላ ኮኪይ ኤ ለ ክለርጂማን" ይባላል፤ "ዛጎሉና ቄሱ" ብንለው ይሆናል። ድርሰቱ የአንቶናን አርቶ፣ ዝግጅቱ የዤርሜን ዱላክ ነው፤ ዱላክ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ዳይሬክተሮች አንዷ ናት። ርዝመቱ 40 ደቂቃ ገደማ ነው።

ሲጀምር ጥቁር የለበሰ ሰው አንድ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። በእጁ ትልቅ ዛጎል አለ። በዛጎሉ ፈሳሽ እየቀዳ ብልቃጥ ይሞላል፤ ከዚያ ብልቃጡን ይለቀዋል፤ መሬት ወድቆ ይሰበራል። ሌላ ይሞላል፤ ይለቃል፤ ይሰበራል። ስባሪው እግሩ ሥር ይቆለላል። ሥራው የሚያልቅ አይመስልም፤ እሱም የሚቸኩል አይመስልም። በሩ ተከፍቶ ደረቱ ላይ ሜዳይ የደረደረ ጄኔራል ይገባል። ዛጎሉን ይነጥቀዋል፤ በሻሞላው ይሰብረዋል። ከዚህ በኋላ ሰውዬው በአራት እግሩ እየዳኸ የፓሪስን ጎዳናዎች ያቋርጣል፤ ጄኔራሉንና አንዲት ቆንጆ ሴት ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን፣ መናዘዣ ሣጥን፣ የዳንስ አዳራሽ ይደርሳል። የኮቱ ጅራት ይረዝማል። ፊት ለሁለት ይሰነጠቃል። ሴቲቱ አለች፤ ደግሞ የለችም።

ታሪኩን አትፈልጉ፤ ምን እንደሚሰማችሁ ብቻ ተከታተሉ። ቀድቶ ቀድቶ የሚሰብር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በቀን በቀን እየሞላ የሚያፈስ፣ ጠጥቶ የማያውቅ ነው። ጄኔራሉ ማን ነው? በአዳራሹ መካከል ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ የሚፈልገውን የሚወስድ፣ ሰውዬው መሆን የተከለከለው ሁሉ ነው። በአራት እግር መዳኸት ምንድን ነው? ይህን ለማስረዳት ቃል የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ የማይገባውን የወደደ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ድኾ ያውቃል።

የምወዳት ትንሽ ነገር ደግሞ ርዕሱ ላይ አለች። "ክለርጂማን" የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ፈረንሳዮች የሚጠቀሙበት ብዙውን ጊዜ ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ እሱ ደግሞ ማግባት ይችላል። ፊልሙ ውስጥ ግን የካቶሊክ መናዘዣ ሣጥን አለ። ታዲያ ይህ ሰው የትኛውን ስእለት ነው የተሳለው? ፊልሙ አይነግረንም፤ መንገርም የሚፈልግ አይመስለኝም። የአክስቴ ጥያቄ መልስ የሌለው እዚህ ፊልም ላይ ብቻ ነው፤ እዚህ ያለው አንድ ቄስ ሳይሆን ክልከላ ራሱ ነውና።

በየካቲት 1928 በፓሪሱ ስቱዲዮ ደ ዙርሱሊን ሲኒማ ሲመረቅ ሱሪያሊስት የሚባሉት የአርቶ ወዳጆች አዳራሹ ውስጥ እየጮኹ ዱላክን ሰደቧት። አርቶ ድርሰቱ "ሕልም" ተብሎ መቅረቡን አልወደደም ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የሳንሱር ቦርዱ ፊልሙን ሲከለክል፣ ትርጉም አልባ እስኪመስል ድረስ የተሰወረ ነው፤ ትርጉም ካለውም ነውረኛ መሆኑ አያጠራጥርም የሚል ምክንያት ሰጠ። ሰዎቹ ሳይገባቸው በትክክል ገብቷቸዋል። አርቶ ራሱ በዚያው ዓመት በካርል ድሬየር የዣን ዳርክ ፊልም ውስጥ ወጣት መነኩሴ ሆኖ ተጫውቷል። ዓይኑን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም።

ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ልዝለል። አልፍሬድ ሂችኮክ ካናዳ ኩዊቤክ ከተማ ሄዶ ሠርቶ በ1953 ያወጣው "አይ ኮንፌስ" ከላይ ያልኩትን ሦስተኛውን በር የተጠቀመ ነው። ሞንትገመሪ ክሊፍት የሚጫወተው አባ ሎጋን የሚያፈቅራት ሴት የነበረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ሳይሾም ነው። እሷ ዛሬም ትወደዋለች፤ እሱ ግን ቃሉን ሰጥቷል። ፊልሙ የተነሣበት በ1902 የታየ የፈረንሳይ ቲያትር ካህኑን ልጅ ያስወልደውና በመጨረሻ በሞት ያስቀጣዋል። ስቱዲዮው ሁለቱንም አስወጣ። የቀረው የኑዛዜ ምስጢር ነው። ካህናቱ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ አንድ ሰው ነፍስ ገድሎ ለሎጋን ይናዘዛል፤ ፖሊስ ሎጋንን ይጠረጥራል፤ ሎጋን ገዳዩን ያውቃል፤ መናገር አይችልም።

ሂችኮክ በኋላ ከፍራንስዋ ትሩፎ ጋር ሲነጋገር ይህን ፊልም መሥራት አልነበረብኝም ብሏል። ካቶሊክ ያልሆነው ተመልካች ሰው ለዚህ ብሎ እንዴት ዝም ይላል እያለ ታሪኩን ሊያምነው አልቻለም። እኛ ግን ያለ ምንም ማብራሪያ የምንረዳው ፊልም ነው። የንስሐ አባት ያለው ሰው የነገራቸው ነገር ከእሳቸው ጋር መቃብር እንደሚወርድ ያውቃል። የሎጋን ዝምታ ለእኛ ጥያቄ አይሆንም፤ ሌላ ቢያደርግ ነው የምንደነግጠው። በአንድ ትዕይንት ካሜራው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከፊት ለፊት ጌታ መስቀል ተሸክሞ የሚታይበት ሐውልት ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ከታች ሎጋን ብቻውን፣ ትንሽ ሆኖ፣ መንገዱን ይሻገራል። ቅንጣት ቃል የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሚይዘው ግን በ1961 ዣን ፒየር ሜልቪል የሠራው "ሌዎን ሞረን፣ ፕሬትር" ነው። በጦርነቱ ጊዜ በጠላት በተያዘች የፈረንሳይ ከተማ ባርኒ የምትባል ልጅ ይዛ ብቻዋን የምትኖር ኮሚኒስት ሴት አለች። ኢማኑኤል ሪቫ ናት። አንድ ቀን ካህን ልታበሽቅ ወደ መናዘዣው ትገባና "ሃይማኖት የሕዝብ ኦፒየም ነው" ትላለች። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ካህን አይቆጣም። ወጣት ነው፤ የገበሬ ልጅ ነው፤ መጻሕፍት ያውሳታል፤ ይከራከራታል። ዣን ፖል ቤልሞንዶ ነው የሚጫወተው። ከአንድ ዓመት በፊት ያው ፊት በሌላ ፊልም ላይ መኪና ሌባና ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ዓለምን አስደንቆ ስለነበር፣ ተመልካቹ በቀሚሱ ሥር ያለውን ሥጋ ለአፍታም አይረሳም። ሜልቪል ይህን ያሰበበት ይመስለኛል።

ባርኒ ቀስ በቀስ ወደ እምነት ትመለሳለች። ቀስ በቀስም ታፈቅረዋለች። የቱ ቀድሞ እንደመጣ እሷም አታውቅ፤ ፊልሙም እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመለየት አይሞክርም። ሌሎቹ ፊልሞች ያልደፈሩት ይህን ነው። በእነሱ እግዚአብሔርና ሴቲቱ ግራና ቀኝ ቆመው ይጎትታሉ፤ እዚህ ግን ወደ እግዚአብሔር የወሰዳት መንገድና ወደ ካህኑ የወሰዳት መንገድ አንድ ነው።

አንድ ቀን ሞረን ቤቷ መጥቶ እንጨት እየፈለጠላት ነው። መጥረቢያው ይነሣል፤ ይወርዳል። ቆማ ታየዋለች። ከዚያ ትጠይቀዋለች፤ የፕሮቴስታንት ፓስተር ብትሆን ኖሮ ታገባኝ ነበር?

ከሃይማኖት ሊቅ የማይወጣ ጥያቄ ነው። ስእለቱን እንዲያፈርስ አልለመነችውም፤ እንዲዋሽም አላለችም። ያንኑ እምነት፣ ያንኑ አገልግሎት፣ ያንኑ ሰው እንዳለ ትታ አንዲቱን ቃል ብቻ ከመካከል አነሣች፤ የ1139ን ውሳኔ። ያቺ ቃል ባትኖር ከሥሯ ምን ይገኝ ነበር ማለቷ ነው።

ሞረን መጥረቢያውን ግንዱ ላይ በኃይል ይሰካና ይወጣል።

ያንን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። አንዳንዴ ቁጣ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ሽሽት፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰው ሊሰጥ የሚችለው ግልጹ መልስ ይመስለኛል። ፊልሙ አይወስንልንም። በመጨረሻ ሞረን ወደ ተራራ መንደሮች ሊዛወር ነው። ባርኒ ልትሰናበተው ስትሄድ ክፍሉ ባዶ ነው፤ መጻሕፍቱ ሄደዋል፤ ግድግዳው ራቁቱን ቀርቷል። ዳግም እንገናኛለን ይላታል፤ በዚህ ዓለም ሳይሆን በሚመጣው። እሷ በጨለማው ደረጃ ትወርዳለች፤ እሱ ከላይ ቆሞ ይቀራል።